ያልቀሰቀስኩት አለቃዬ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ አንድ ዝናባማ ሐሙስ ነው። በቀል ደግ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይህችን በቀሌን ግን ባስታወስኳት ቁጥር ደስ ስለምትለኝ ላጫውታችሁ።

የምሠራው ቦሌ፣ አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ነው። በአውሮፕላን የመጣ ዕቃ ከጉምሩክ እናስለቅቃለን። ቤቴ ደግሞ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ እገባለሁ።

ሥራውን አልጠላውም። መድኃኒት መጥቶ ዛሬውኑ መውጣት አለበት ተብሎ ስንሯሯጥ ልቤ ይመታል፤ ግን ደስ የሚል ነው። ዕቃው ሲወጣ እየተሳሳቅን ሻይ እንጠጣለን፣ ልቤም ይረጋጋል። ችግሩ አለቃችን አቶ ሳሙኤል ነው። ያቺን ሻይ አይወዳትም። አንዱ ሥራ ሳያልቅ ሌላውን ይጭናል። እሁድ ጸሎት ቤት አምልኮ ላይ ቆሜ እንኳ ይደውልልኛል። በትርፍ ጊዜው በየአዳራሹ እየዞረ አነቃቂ ንግግር ያደርጋል፤ የሚወዳት አባባልም አለችው። «ትንሽ ውጥረት ሰው አይገድልም፤ ሰው ያደርጋል» ይላል።

ሚያዝያ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንቅልፍም እምቢ አለኝ። ሐኪም ቤት ስሄድ ሐኪሟ የደም ግፊቴን ለክታ፣ «የልብሽ መሮጥ አይደለም ያሳሰበኝ፤ ሮጦ አለመረጋጋቱ ነው። ካላረፍሽ ትወድቂያለሽ» አለችኝ። በማግስቱ የተጠራቀመውን የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ። አቶ ሳሙኤል ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳ ሳይል «ትንሽ ውጥረት…» ብሎ ጀመረ። የቀረውን እኔ በሆዴ ጨረስኩለት። ክረምቱ እስኪገባ ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ መልሱ ያው ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳየው ቂሜ ከእኔ ቀድሞ ደህና አደርክ የሚለው ይመስለኝ ነበር።

ያን ሐሙስ የአቶ ሳሙኤል መኪና ጋራዥ ገብታለች። በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ሁሉ ዝናቡ አጥፍቶታል። መገናኛ የአባዶ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆሜ ዞር ስል፣ አቶ ሳሙኤል ሱፉ በስብሶ ከኋላዬ ቆሟል። ገባንና አጠገቤ ተቀመጠ። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ አዳራሽ ንግግር እንዳለበት ነገረኝ። ርዕሱን ስጠይቀው «ጤናማ ውጥረት» አለኝ። ሳቄን ዋጥ አደረግሁት።

«ትንሽ ላሸልብ፤ ሳሊተ ምሕረት ስንደርስ ቀስቅሺኝ» ብሎ ጭንቅላቱን መስኮቱ ላይ ጣለ።

በእኛ መስመር ይህ ትልቅ አደራ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ይተኛል፤ አጠገብህ ያለውን ሰው መውረጃው ላይ መቀስቀስ ደግሞ ደንብ ነው። እኔም ስንቱን ቀስቅሻለሁ፣ ስንቱስ ቀስቅሶኛል።

ሳሊተ ምሕረት ደረስን። ልቀሰቅሰው እጄን አነሳሁ። ያኔ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ። እሱ ንቅንቅ አላለም። የእኔም ስልክ እሁድ እሁድ እንዲህ ነበር የሚጮኸው። እጄን መልሼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ።

ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር አሉ። «ልጄ፣ ስልኩ እየጮኸ ነው፤ ወራጅ እንዳይሆን።»

«አይ እማማ፣ ዛሬ እስከ መጨረሻው ነው የሚሄደው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ይተኛ፤ ደክሞታል» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ።

አባዶ ደርሰን ሾፌሩ ሞተሩን ሲያጠፋ ነቃ። የመስኮቱ ጠርዝ ጉንጩ ላይ ታትሟል።

«የት ነን?»

«የካ አባዶ።»

«ቀስቅሺኝ አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ?»

«ትንሽ ውጥረት ሰው አይገድልም ብዬ ነው።»

ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፤ ተነስቶ ወረደ። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ በሚያብረቀርቅ ጫማው ወደ መመለሻው ሰልፍ ሲሄድ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ቆሜ አየሁት። ጃንጥላዬን አልሰጠሁትም። ቤቴ ገብቼ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት እንደሚያባርረኝ ስላመንኩ ዕቃዬን በፌስታል ሰብስቤ ጠበቅሁት። ቢሮው አስጠራኝና በሩን እንድዘጋ ነገረኝ። ፊቱ ወዝ አውጥቷል።

«ያ ሁሉ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ተበተነ» አለ። «እንደዚያ ከተኛሁ ግን ስንት ዘመኔ!»

ይሄኔ ነው ከልቤ የተናደድኩት። ለካ ልበቀለው ብዬ እኔን የነፈገኝን እረፍት ነው የሸለምኩት። ንዴቴ አፌን ከፈተልኝ።

«እርስዎ አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ተኝተው እንዲህ ካማረብዎት፣ እኔ ምን በደልኩ?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አነሳና ፈቃዴን ፈረመ።

ይቅር ብለሽዋል ወይ የሚሉኝ አሉ። አላልኩም። እጄ መንቀጥቀጡን ትቷል፣ ግፊቴም ወርዷል፤ ቂሜ ግን ሙሉ ጤነኛ ነው። በፈቃዴ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከአምልኮ ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ስልኬ ጮኸ። ስሙን አየሁት። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ፤ እንደገና ጮኸ። እኔም እንደ እሱ ንቅንቅ አላልኩም።