ነፃነት በርዷታል

ልጅ ሳለሁ ማታ ማታ ተረት የሚነገረው ከአጥራችን ማዶ ነበር። የአያ ካሴ ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ እየሰሙ ሲንከተከቱ ሳቃቸው አጥሩን ተሻግሮ ይመጣል፤ እኛ ቤት ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ተረት አልነበረም። አያቴ፣ አባባ የምንላቸው፣ እራት ተበልቶ ኩበቱ ፍም ሲሆን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ይሰበስቡና ኩራዟን ወደ ራሳቸው አስጠግተው ያችኑ የትናንቷን ይጀምራሉ። ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለችው ቤታችን ያኔ የሣር ክዳን ነበረች፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ዓይናችንን ይለበልበዋል። እንባዬ በጭሱ ይሁን በምሰማው ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም።

የሚነግሩን የአባታቸውን ነገር ነው። ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ አባታቸው አርበኛ ሆነው በየዳ በኩል ካሉት ገደሎች በአንዱ ዋሻ ውስጥ ነበሩ። ዋሻውን ለጣሊያን ያሳየው የአያ ካሴ አባት ነው፤ አስተርጓሚ ነበር፣ ባንዳ። አርበኛውን ይዘው ደባርቅ ገበያ ላይ ሰቀሏቸው፤ አባባ ያኔ ሕፃን ነበሩና በእናታቸው ቀሚስ ተከልለው አዩ። ስለ አባታቸው መልክ፣ ስለ ድምፃቸው፣ ስለ ደግነታቸው አንድም ቀን አልነገሩንም። የሚነግሩን ስለ ገመዱ ነው። አዲስ የቃጫ ገመድ ነበር ይላሉ፣ ነጭ፣ ገና እጅ ያልነካው፣ ከሚሰቀለው ሰው ልብስ የበለጠ የነጣ።

መጨረሻዋም ሁልጊዜ አንድ ናት። ጣታቸውን ወደ አጥሩ ይቀስሩና «ነፃ ሰው ማለት አንገቱ ላይ የሰው ገመድ የሌለበት ነው» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ ይከተላል፦ ከዚያ ቤት እሳት አንጭርም፣ ጨው አንበደርም፣ ሰላምታም አንመልስም። አያ ካሴ አባቱ ያንን ሲሠራ ገና አልተወለደም ነበር። ይኸን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ አባባም ያውቃሉ።

አንድ ማታ፣ አፌ አላርፍ ብሎኝ፣ እርስዎ አንገት ላይ ያለውስ አባባ ብዬ ማዕተባቸውን አሳየኋቸው። ጆሮዬን ይዘው እስኪግል ድረስ አሹት። የክርስቶስን ማዕተብ ከጣሊያን ገመድ ጋር እንዴት ታነጻጽሪያለሽ ብለው ብዙ ተቆጡ፤ ሲበርድላቸው ግን «ይኸኛውን ያሰርሁት ወድጄ ነው» አሉኝ። ያች ቃል አልገባችኝም፤ ጆሮዬ ስላመመኝ ግን አልረሳኋትም።

በሚቀጥለው ክረምት እናቴ ሴት ልጅ ወለደች። ስም ያወጡላት አባባ ናቸው፦ ነፃነት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ነፃነት ታለቅሳለች፣ ነፃነት ትጠባለች፣ ነፃነት ጨርቋን ታበላሻለች። እናቴ ይኸን እያለች ለብቻዋ ትስቅ ነበር፤ አባባ ግን በስሙ መቀለድ አይወዱም።

አንድ ቀን አባቴ ተራራ ሊያዩ የመጡ እንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ጭኖ ወደ ጊች ወጥቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ፤ ክዳኑ ቀድሞም የሳሳ ነበርና ልክ ምድጃው ላይ አፈሰሰ። እሳታችን ጠፋ። ክብሪቱ ረጥቦ ስንጭረው ራሱ እየተላጠ ይወድቃል። ወደ ሌሎቹ ጎረቤቶች የሚያሻግረው ጅረት ሞልቷል፣ ከአጥሩ ማዶ ግን ጭስ ይታያል። እናቴ አባባን ለመነቻቸው፤ እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ከዚያ በዓይኗ ጠቀሰችኝና እሳት መጫሪያ ገል አቀበለችኝ፤ እኔም በጓሮ በኩል ሾልኬ ሄድሁ።

የአያ ካሴ ሚስት እትዬ ጥሩ ለምን መጣሽ አላለችኝም። ከምድጃዋ ፍሙን መርጣ ገሉ ላይ አደረገችልኝ፣ ዝናብ እንዳያጠፋው አመድ አለበሰችው፣ የራሷን ነጠላ አናቴ ላይ ጣል አደረገችልኝና «እናትሽን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላለች በያት» አለችኝ። አራስ መጠየቅ ተከልክላ አጥሩ ሥር ስንት ቀን ቆማ እንደተመለሰች የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

አባባ በራፉ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ከእንስራው በጣሳ ውሃ ቀዱና ገሉ ላይ ደፉት። ፍሙ ጮኸ፣ አመዱ እግሬ ላይ ተረጨ፣ እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። እናቴ ሕፃኗን እንዳቀፈች ከመደቡ ላይ አየቻቸው።

«አባባ፣ ነፃነት በርዷታል» አለች።

«ትለምደዋለች» አሉ።

ያን ማታ ፍም በሌለበት ምድጃ ዙሪያ፣ ኩራዝ እንኳ ሳይበራ፣ አባባ ያችኑ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩን። ፊታቸው አይታይም፤ ድምፃቸው ብቻ ከጨለማው ውስጥ ስለ ገመዱ ንጣት ይናገራል፣ በመሐል የነፃነት ሳል ያቋርጠዋል። እዚያው ተቀምጬ ጠላኋቸው። አንድ ሰው በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ሊሞት እንደሚችል ያወቅሁት በዚያ ማታ ነው።

ነፃነት ሳንባ ምች ያዛት። እናቴ ጤና ጣቢያ አመላልሳ አዳነቻት፣ ለአባባ ግን አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችም። ምግባቸውን ታቀርባለች፣ እግራቸውን ታጥባለች። እኔ ፈርታ መስሎኝ እሷንም ታዘብኋት።

በሰማንያ ቀኗ ነፃነትን ክርስትና ልናስነሳ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባባ የክርስትና እናት እንድትሆን አንዲት ዘመዳቸውን ከዳባት አስመጥተዋል፤ ሴትዮዋ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ከፊት ቆማለች። የነፍስ አባታችን አባ ተክሌ የክርስትና እናቲቱ የታለች ብለው ጠየቁ። እናቴ ሕፃኗን ይዛ በዳባቷ ሴትዮ ፊት አለፈች፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ከዛፍ ሥር እትዬ ጥሩ ወደ ቆመችበት ሄደችና ነፃነትን እቅፏ ውስጥ አኖረቻት። ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። «እሳቱን በውሃ አጠፉብኝ፤ ይኸን ውሃ ደግሞ በምን ያጠፉታል?» አለቻቸው። አልጮኸችም፤ ግን የሰማው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ።

ነፃነት ተጠመቀች፣ ማዕተቧ ታሰረላት፣ እትዬ ጥሩ ከውሃው ተቀብላ በነጠላዋ ጠቀለለቻት። ሁለቱ ቤቶች አበልጅ ሆኑ፤ ይኸ ደግሞ ሰው ደስ ሲለው አስሮ ሲከፋው የሚበጥሰው ዝምድና አይደለም። አባባ ሥርዓቱ ሳያልቅ ከቅጽሩ ወጥተው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን ነው የሚበሉት። ራሳቸው ያወጡላትን ስም ደግመው አልጠሩትም፤ ሲፈልጓት «ያችን ልጅ» ይላሉ።

ነፃነት ፊደል መቁጠር በጀመረችበት ዓመት አባባ አልጋ ላይ ዋሉ። ሥጋ ወደሙ መቀበል ፈለጉና አባ ተክሌን አስጠሩ። ቄሱ ቂም ይዘው አይቆርቡም፣ መጀመሪያ ከጎረቤትዎ ይታረቁ አሏቸው። አባባ ክርናቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የነፃ ሰው ልጅ ነኝ፣ ጣሊያን ያላዘዘኝን ቄስ አያዘኝም አሉ። አባ ተክሌም ትዕግሥት ያላቸው ሰው አልነበሩም።

«አባትዎ ከዚያ ገመድ ከወረዱ ስንት ዘመናቸው» አሏቸው። «እርስዎ ግን እስካሁን አልወረዱም።»

በማግስቱ ጠዋት አያ ካሴ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ እናቴን እጠረጥራለሁ። እሱም ጢሙ ነጥቷል። በዳይ ይቅርታ ሲለምን እንደሚያደርገው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ገባና አልጋው ሥር ተንበረከከ። ምንም ያልበደለው ሰው «ስላባቴ ይቅር ይበሉኝ» አለ። በወጉ ተበዳዩ ይቅር ለእግዚአብሔር ይላል፤ ድንጋዩም የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ሁላችንም ያችን ቃል ጠበቅን።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የአያ ካሴ ላብ ከአፍንጫው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ነፃነት ወደ አልጋው ተጠግታ የአባባን ጋቢ ጎተት አደረገችና «ከብዶታል እኮ» አለቻቸው። እኔ በሩን ተደግፌ አያቴ በዚያው ሰዓት እንዲሞቱ እየተመኘሁ ነበር፣ እውነቱ ይኸ ነው።

ከዚያ አያ ካሴ ቀስ ብሎ ተነሣና ድንጋዩን በገዛ እጁ አውርዶ በራፉ ላይ አኖረው። እንዲህ ተደርጎ አያውቅም። «ወድጄ ነው የተሸከምሁት፣ ወድጄ አወረድሁት» አለ። «እርስዎን ግን እግዚአብሔር ይፍታዎ።» ለአራስ ቤት እንደሚደረገው በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ። አባባ በዚያው ሳምንት ሳይቆርቡ ሞቱ። ካህናቱ ፍትሐት ሲፈቱላቸው አያ ካሴ ከአስከሬኑ ኋላ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ድንጋዩን ለብዙ ጊዜ የነካው የለም። በኋላ እናቴ ከጉልቻዎቻችን አንዱ ሲሰበር አንከባልላ አስገባችውና በእሱ ተካችው። እሳቱ እዚያው ላይ ነደደ፣ ድስቱ እዚያው ላይ ተጣደ፤ የአያ ካሴ ልጆችም እየመጡ ይሞቁ ጀመር።

ዛሬ ደባርቅ ከተማ አስተምራለሁ። ባንዳ የምትለዋ ቃል ያረጀች መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሻይ ቤቱም የመምህራን ክፍሉም እሷኑ ያኝካል፣ ወጣቱ ሁሉ ጣቱን የሚቀስርበት አጥር አለው። ስሰማቸው አባባ የተነሡ ይመስለኛል፣ ደሜም ይፈላል። ነፃነት ቡይት ራስ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ትሠራለች። በየዓመቱ በአባባ ዝክር መቃብራቸው ላይ ቆማ «እግዚአብሔር ይፍታዎ» ትላለች፣ ደረቷ እስከ ዛሬ ብርድ አይችልም፣ ግን ትላለች። እኔ ጎኗ ቆሜ ከንፈሬን እነክሳለሁ። ነፃነት ያን ማታ እንደበረዳት አታስታውስም። የማስታውሰው እኔ ነኝ።

በቀደም መብራት ጠፋና ሻማ ለኩሰን ተቀመጥን፤ ልጄ ጭኔ ላይ ሆና ተረት ንገሪኝ አለችኝ። ነገርኋት። ስለ በረዶው፣ ስለ ገሉ፣ አያቴ ፍሙ ላይ ስላፈሰሱት ውሃ፣ ፍሙ እንዴት እንደጮኸ። ስጨርስ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማዬ፣ ይኸን እኮ ትናንትም ነግረሽኛል» አለችኝ።

እጄ ሳላዝዘው ወደ አንገቴ ሄደ። ማዕተቤ እዚያው ነው። አንገቴ ላይ ወድጄ ያሰርሁት እሱ ብቻ ነው ወይ ብዬ ራሴን የምጠይቀው ከዚያ ማታ ወዲህ ነው።