ከዱባይና ከአራብሳ እኩል ስንነሳ

ከዱባይ አዲስ አበባ በረራው አራት ሰዓት ነው። ከቤታችን ከቦሌ አራብሳ እስከ ኤርፖርት ግን ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እህቴ ከዱባይ "ልንነሳ ነው" ብላ ስትጽፍልን እናቴ "እኛም እንነሳ!" አለች።

"እማዬ፣ ምን ያስቸኩላል?"

"ልጄ ከአምስት ዓመት በኋላ መጥታ የሚቀበላት ሰው ትጣ?"

በኮንትራት ሚኒባስ ወጣን። ጎሮ ላይ አክስቴ ፀጉሯን ተሠርታ እስክትጨርስ ቆምን። ሃያ ሁለት ሰፈር ላይ አጎቴ ሱፉን እስኪያስተኩስ ጠበቅን። ከዚያ መንገዱ ተዘጋጋ። በመጨረሻ ከሚኒባሱ ወርደን፣ አበባ ታቅፈን በሩጫ መውጫው በር ላይ ስንደርስ እህቴ ሻንጣዋን እየገፋች ብቅ አለች።

"ብዙ ጠበቃችሁኝ?"

እናቴ እያለከለከች፣ ግን ደረቷን ነፍታ፣ "አራት ሰዓት ሙሉ!" አለቻት።