የኋላው ሊፍት

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማራኪ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ወጥቼ ሚኒባስ ስጠብቅ ስልኬ ነዘረ። ስክሪኑ ላይ የኋላው ሊፍት ምልክት ቀይ ሆኗል።

ሊፍቶቹን የምከታተልለት፣ ፒያሳ ያለው ሕንጻ ሁለት ሊፍት አለው። የፊቱ አዲስ ነው፤ ላይኛው ፎቅ ለሚያድሩት የሆቴል እንግዶች። የኋላው አሮጌ ነው፤ ለባለሱቆቹ። የተሠሩት በተለያየ አገር ስለሆነ የአንዱን የሚያውቅ ባለሙያ የሌላውን አይነካም ነበር። በሁለቱም ሞተሮችና በሮች ላይ ሴንሰር ገጠምኩ፤ የማንም ሥሪት ይሁኑ፣ ንዝረታቸውንና ሙቀታቸውን በአንድ ገጽ ላይ ማየት ተቻለ። ከሁሉ በላይ የተደሰተችው አራተኛ ፎቅ ላይ ጥልፍ የምትሠራው ሴት ነበረች። በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፤ የምትሄደው በክራንች ነው። የኋላው ሊፍት ስንት ጊዜ ተዘግቶባታል።

“እንግዲህ እኔ ሳልጮህ እሱ ይጮህልኛል” ብላኝ ነበር።

ጮኸ። የሞተሩ ኩሽኔታ እያለቀ ነው። ደርሼ ሊፍቱን አቆምኩና ወደ ሕንጻው ባለቤት ቢሮ ገባሁ። እሳቸውም ገጹን በስልካቸው ከፍተውት ነበር።

“ጥሩ ነገር ነው የሠራሽልኝ” አሉ። “እስከ ዛሬ ሁለቱም እኩል የሚያስቸግሩኝ ይመስለኝ ነበር። በቃ፣ ቀዩ ይዘጋ።”

“ጋሼ፣ ኩሽኔታው ቢቀየር ይሠራል እኮ።”

“አምራቹ ከገበያ ወጥቷል አላልሽኝም?”

“ልኩን ፈልገን ከሌላ ሥሪት . . .”

“ሰው ላይ አንድ ነገር ቢደርስስ? ትፈርሚልኛለሽ?”

ሳልሞክረው መፈረም አልችልም። ጥልፍ ሠሪዋ በፊቱ ብትጠቀምስ አልኳቸው።

“እሷ ስትገባ ደንበኞቿም ይከተላሉ። እንግዳዬ ከነሻንጣው ቆሞ ይጠብቃቸው? በይ ሂጂ፣ የፊቱን ተከታተይልኝ።”

ሴትዮዋ ግን ጠዋት በዚያው በኋላው ሊፍት ወጥታ ነበር። ወሬውን የነገሯት ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት አሮጌው ዘበኛ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ስደርስ በሯ ላይ ቆመው ይለምኗታል።

“ምነው እታለም፣ ለዛሬ እንኳ በፊቱ ላውርድሽ። ማንም አያይ።”

“አይ አያ፣ ተደብቄ አልወርድም። ነገስ በምን ሊሰውሩኝ ነው?” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “ሞተር ብሆን ይሻለኝ ነበር። ትኩሳቴን ታውቂልኝ ነበር።”

መሣሪያው አልተሳሳተም። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ አስተካክለው ነበር።

ክራንቾቿን ለዘበኛው ሰጠችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እንደተቀመጠች፣ በእጆቿ እየተደገፈች፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ወረደች። ልደግፋት እጄን ስዘረጋ “ተይኝ” አለች። ከአንድ ሱቅ የወጡ ደንበኞች ግድግዳውን ተጠግተው አሳለፏት። ታች ስትደርስ ቀሚሷን አራገፈች።

“ከእንግዲህ አልወጣም። ከከተማ ወጣ ብሎ ፀዳ፣ ወንድሜ ግቢ አንድ ክፍል አለ። ሙሽራ ግን ለጥልፍ ብላ እዚያ ድረስ አትመጣም።”

በማግስቱ ጠዋት ዘበኛውና እኔ ዕቃዋን አወረድን። እሳቸው ጠረጴዛውን፣ እኔ የስፌት መኪናውን ተሸከምን። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስልኬ ነዘረ፤ አላየሁትም። እሷ ባጃጁ ውስጥ ሆና ክራንቾቿን ሰብሰብ አደረገችልኝ። የስፌት መኪናውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ፀዳ እስክንደርስ ከመኪናው የሚንጠባጠበው ዘይት ቀሚሴን አርሶት ነበር።