ዘበኛው የማለበት ጓንጉል

የካቲት 9 ቀን፣ ረቡዕ። ብረት ጨብጦ በሚይዘው ሞርሳ ላይ የአንዲት መምህርት ቁልፍ ታስሮ ቀርቷል፤ ሦስት ጥርሱ ተሞርዷል፣ ሁለቱ ይቀሩታል። ይሞርደው የነበረው፣ ሰፈሩ «ጋሽ መክፈቻ» የሚለው ቁልፍ ሠሪ፣ በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፉ ሳይነቃ ቀረ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ባለቤቱ ስለ እሱ ስታወራ ከፍርድ ቤቱ ትጀምራለች፤ ሳትስቅም አትጨርሰውም። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ የጨርቅ መጋዘን ተዘረፈ። ዘበኛው በእጄ ቆልፌ ነው የሄድኩት ብሎ ማለ። የበሩ ጓንጉል ቁልፍ አልተሰበረም፤ ሳይሰብር የሚከፍት ማን አለ ተባለና ጋሽ መክፈቻ ተያዘ። ዳኛው ጓንጉሉን አሳይተው ይህን መክፈት ትችላለህ ወይ አሉት። ሌላ ሰው ቢሆን እኔ እንጃ ይል ነበር። እሱ ግን ሙያው ተነካበት። በሁለት ደቂቃ አለና፣ ከጸሐፊዋ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ተውሶ በአንድ ደቂቃ ከፈተው። ችሎቱ ሳይታወቀው አጨበጨበ። ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

«አፍህስ ይሁን፣ እጅህን ምን አስቸኮለው?» አለችው ልትጠይቀው ስትሄድ።

በሁለተኛው ዓመት ከእስር ቤቱ ማብሰያ ክፍል እሳት ተነሣ። እሱ የታሰረበት ክፍል ቁልፍ ዝጎ ኖሮ ከውጭ እምቢ አለ። እሱ ከውስጥ በማንኪያ እጀታ ፈታትቶ ከፈተውና እሱን ጨምሮ አርባ አንድ ሰው ወደ ግቢው ወጣ። ሲቆጠሩ አንድ ጎደለ፤ አመለጠ ተብሎ ግቢው ተተራመሰ። የጎደለው እሱ ነበር፤ ነጠላ ጫማውን ሊያመጣ ተመልሶ።

ይህ በቤተ ክርስቲያን ሲወራ ሁሉም እልል ይላል። እሷ ግን አንጀቷ አይርስም። አርባ ሰው ለማውጣት የእኔ ሦስት ዓመት የግድ ነበር ወይ ትለው ነበር። እግዚአብሔር ሁሉን የሚገዛ ከሆነ ያ ሰውዬ ሲምል የት ነበር?

«ውሸቱ የዘበኛው ነው፤ ጌታ ላይ አልለጥፈውም» ይላት ነበር። «ግን እግዚአብሔር ቁልፍ ጠፍቶበት ደጅ የቆመ ሰው አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«እሱን አልነገረኝም» ይልና ሞረዱን ያነሣ ነበር።

እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘበኛው በገዛ አፉ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ዋሽቼ ነው እንዲል። ሰፈር ውስጥ ዕቃ በጠፋ ቁጥር «ጋሽ መክፈቻ የት ነበር?» ብሎ የሚቀልድ አይጠፋም። ባሏ ከቀልደኛው ጋር ይስቅ ነበር፤ እሷ ፊቷን ታዞር ነበር።

ያን ረቡዕ ረፋድ ላይ የዘበኛው ጎረቤት እያለከለከች መጣች። ሽማግሌው ብቻውን ነው የሚኖረው፣ መርሳትም ጀምሮታል። በሩን ከውስጥ ቆልፎ ቁልፉን የት እንዳደረገው ጠፍቶታል፤ ከትናንት ጀምሮ አልወጣም።

«ይቆይ» አለች ሚስት። «ሦስት ዓመት አይሞላው።»

ባሏ ስቆ የመሣሪያ ሳጥኑን አነሣ። እሷም ኩርፊያዋን እንደያዘች ተከተለችው።

በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ከውስጥ «ማን ነው?» ተባለ።

«መክፈቻ ነኝ።»

ሽማግሌው እግሩን እየጎተተ ወደ በሩ ተጠጋ። ከዚያ ድምፁ ከቁልፉ ቀዳዳ አጠገብ መጣ። «መጋዘኑን ሳልቆልፍ ነው የሄድኩት። ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ማልኩብህ።»

ሚስት ዞር ብላ ሰዎቹን ቆጠረች። ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም ሰምተዋል።

«ክፉ ሥራ ነው የሠራኸው» አለ ባሏ፣ ሽቦውን ቀዳዳው ውስጥ እያዞረ። «ይቅር ካልኩህ ግን ቆየሁ። አሁን ከበሩ ራቅ በል።»

በሩ ተከፈተ። ለሃያ ሁለት ዓመት ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ሽማግሌው ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። እስከዛሬ «ያ» ስትለው የኖረችውን ሰው አንቱ ብላ፣ እህል ቀምሰዋል ወይ አለችው። አልቀመሰም። ጎረቤቱ ምግብ ልታመጣ ወደ ቤቷ ገባች።

ቤት ሲደርሱ ባሏ የመምህርቷን ቁልፍ ሊቀጥል ተጎነበሰ።

«ተወውና መጀመሪያ ለሽማግሌው ትርፍ ቁልፍ ቅረጽለት» አለችው። «ነገም ይጥለዋል።»

«አሁን ገባሽ?» አላት።

«ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም» አለች። «ግን ያ ውሸት ከእግዚአብሔር እጅ አላመለጠም።»

ከቀትር በኋላ የዘበኛውን ቁልፍ፣ በሩን ሲከፍት ባየው ልክ፣ በሌላኛው ሞርሳ ጨርሶ ብቻውን ወሰደው። በዘበኛው በር ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፤ አንድ ጥርሱን ትንሽ ሞረደና ደግሞ ሞከረው። ከዚያ ለጎረቤቲቱ አስረክቦ ተመለሰ።