መርዶ ሳይደርሰኝ እንጦጦን የጎበኘሁበት ቀን

ሐሙስ፣ ኮተቤ

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ሚሊዮን ግቢያችን ውስጥ መኪና ያጥብ ነበር። መኪናው የእሱ አይደለም፤ ቱሪስት የሚያመላልስበት የድርጅት መኪና ነው። ሹፌርም አስጎብኚም ሆኖ ይሠራል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት ተቀምጫለሁ። ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ።

«ቢኒ፣ ዋሻ ሚካኤልን አይተኸዋል?» አለኝ።

«በቴሌቪዥን።»

«አታፍርም! ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ያየዋል፣ አንተ ከኮተቤ መነሳት ያቅትሃል። እንጦጦስ?»

«ለስፖርት ብዬ ወጥቼ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ደክሞኝ ተመለስኩ።»

ሳቀብኝ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ከደቡብ ሲመለስ ከጌች ጋር ሆነው ሁለቱንም ቦታ እንደሚያሳዩኝ ነገረኝ። ጌች የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሙሉ ስሙ ጌታሁን። ያየሁትን አንድም ሳላስቀር በቃሌ ከነገርኩት አለቃውን አነጋግሮ ረዳት አስጎብኚ ሊያስደርገኝ ነው። «ፈተና ነው፣ ቀልድ እንዳይመስልህ» አለኝ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬኑን ረገጥ ረገጥ አድርጎ ሞከረና ወጣ። የግቢውን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። በደንብ አላየሁትም። ለሥራ የሚወጣን ሰው ማን በደንብ ያያል?

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ሻሸመኔ ሳይደርስ፣ መኪናው ተገልብጦ ወንድሜ ሞተ። አሁን ስጽፈው ነው በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ዓርብ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ እኔ አላውቅም ነበር። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ መርዶ የሚነገረውን ሰው ከቤት ማራቅ የግድ ነው። እኔን ያራቁኝ በጉብኝት ነው።

ዓርብ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ

ጌች በጠዋት በሩን አንኳኳ።

«ልበስ። ሚሊዮን እንጦጦን አሳየው ብሎኛል።»

«እሱ ሳይመለስ?»

«እሱ ነው ያለኝ። ጃኬት ያዝ፣ ብርድ ነው።»

ፈተናው መጀመሩ መሰለኝና ደስ አለኝ። ሚሊዮን በድንገት ሊፈትነኝ ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እንደዚህ ዓይነት ነገር ይወዳል። በር ላይ ጌች ስልኬን ጠየቀኝ። የእሱ ባትሪ አልቋል፣ ቀን ላይ መደወል አለበት። ሰጠሁት።

ከኮተቤ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድን። የታክሲው ረዳት ጌችን ያውቀዋል መሰለኝ፣ «ዛሬ ፈረንጆችህ የት ሄዱ? ሐበሻ መምራት ጀመርክ እንዴ?» አለው። ጌች በሌላ ቀን ቢሆን ዝም አይልም ነበር። ዛሬ መስኮቱን ያያል። ስድስት ኪሎን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ኪሱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የእኔ አይደለም። ባትሪው አልቋል የተባለው ነው።

«አዎ... አብሮኝ ነው... አልሰማም» ብሎ ዘጋው።

«ማነው?»

«ቢሮ ነው።»

ነገሩ አልገባኝም። ግን ፈተና ላይ ያለ ሰው ብዙ አይጠይቅም ብዬ ተውኩት።

እንጦጦ ማርያም

ከሽሮ ሜዳ ነጫጭ ልብስ የተሰቀለባቸውን ሱቆች አልፈን ሌላ ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ ሽቅብ ነው፤ መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው የወጣው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ከመጎንበሳቸው የተነሳ ፊታቸው አይታይም። ስንወርድ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ።

ሙዚየሙ በር ላይ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ አስጎብኚ ተቀምጠዋል። ጌች «የሚሊዮን ወንድም ነው» አላቸው። ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁና አዩኝ። የመግቢያ ልከፍል ስል እጄን ይዘው መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

«ያንተን አንቀበልም፣ ልጄ።»

ወንድሜ እዚህ ይህን ያህል የተከበረ መሆኑን አላውቅም ነበር። ኮራሁ። ውስጥ የነገሥታት ልብስ፣ ዘውድ፣ ነጋሪት፣ የብራና መጻሕፍት አሉ። ለፈተናው ብዬ የማልጠይቀው ነገር አልነበረም፤ ነጋሪቱ ከምን ቆዳ ነው፣ ልብሱን ማን ሰጠ። ሰውየው ሁሉንም ቀስ ብለው መለሱልኝ። አንዳንዴ መሐል ላይ ያቆሙና መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ከጀርባው ያለው የንጉሡ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከጭቃና ከእንጨት ተሠርቶ ኖራ የተቀባ ነው። ንጉሥ ኖሮበታል ብሎ ለማመን ያስቸግራል፤ መስኮቱ ዝቅ ያለ፣ ወለሉ የሚንቋቋ። ከዚያ ወጥተን ከተማውን ከላይ አየነው። ጌች በጣቱ እያመለከተ፣ ያ መገናኛ ነው፣ ያ ጉርድ ሾላ፣ ከዚያ ወዲያ አያት አለኝ።

«ቤታችን በየት በኩል ነው?» ስለው ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዞረ።

ተመልሰን ሽሮ ሜዳ ምሳ በላን። ዓርብ ስለሆነ በያይነቱ ነው። ጌች አንድ ጊዜ ጎረሰና ተወ። እኔን ግን ያጎርሰኛል።

«ብላ። ይቺን ብቻ።»

«አንተስ?»

«እኔ በልቻለሁ።»

ከጠዋት ጀምሮ አብረን ነን። መቼ በላ?

ዋሻ ሚካኤል

ወደ ዋሻ ሚካኤል ከመውጣታችን በፊት የካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጋ ቆምን። ጌች በር ላይ ጠብቀኝ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። የዋሻውን ቁልፍ ሊጠይቅ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ከሰፈራችን የእድር ዳኛ ከጋሽ ግርማ ጋር ተመለሰ። የጋሽ ግርማ ጫማ አፈር ለብሷል። ሲያዩኝ አቅፈው ሳሙኝ፤ ሌላ ጊዜ በእጅ ሰላምታ ነው የሚያልፉኝ። እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

«ሰው ሞቶ ነው እንዴ፣ ጋሽ ግርማ?» አልኳቸው።

ጌችን አዩት። ጌች ቶሎ ብሎ፣ «አታውቀውም፣ ከዚያ ከላይ ሰፈር ነው» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

ጋሽ ግርማ «ይማር» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ያለው መንገድ በእግር ነው። ድንጋይና ቀይ አፈር፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። ዋሻው ጋ ያገኘናቸው ጥበቃ የአካባቢው ተወላጅ ሽማግሌ ናቸው፤ በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ።

«ከታች ሰፈር ናችሁ?» አሉን። «የታች ሰፈር ሰው ፈረንጅ ካልመራው እዚህ አይመጣም እኮ! ዛሬ ምን ነካው?»

ጌች የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆም አለና ሌላ ነገር ሆነ። ከድንጋዩ ጀርባ ሄዶ ቆየ። ሽማግሌው እኔን አዩኝ፣ እኔም እሳቸውን አየሁ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «አቧራ ነው» አለ። ንፋስ አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ነው። ጣሪያው በከፊል ፈርሶ ሰማይ ይታያል። ዓምዶቹ ሻጋታ ይዘዋል፣ ከአንድ ጥግ ውሃ ይንጠባጠባል። አንዳንዱ የጥንት ነገሥታት አሠሩት ይላል፣ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ነው ይላል። ጥበቃውን ስጠይቃቸው «እኔ ስወለድም እንዲሁ ፈርሶ ነበር» አሉኝ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ያየሁትን ለጌች በቃሌ ተወጣሁለት። ነጋሪቱን፣ ስምንቱን ማዕዘን፣ ኖራውን፣ ውሃውን።

«እንዴት ነኝ? አልፋለሁ?»

«አልፈሃል።»

«ለሚሊዮን አንተ ንገርልኝ። እኔ ብነግረው አያምነኝም።»

«እሺ፣ ቢኒ» አለኝ። ከዚያ ቀድሞኝ ቁልቁል መውረድ ጀመረ።

ወደ ቤት መስሎኝ ነበር። ጉርድ ሾላ አጎቴ ጋሽ ወርቁ ቤት አስገባኝ። መሽቷል፣ እዚህ እደር ተባልኩ። የአጎቴ ሚስት እትዬ አልማዝ እራት አቅርባ፣ ብላ ብላ እያለች፣ ፊቴን ሳታይ ወጣች ገባች። እኔ የማስበው የነገውን ነበር፤ ጌች ስልኬን መልሶልኝ ሚሊዮን ሲደውል ከየቱ እንደምጀምርለት።

ቅዳሜ ጠዋት

ገና ሳይነጋ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ግርማ፣ አጎቴ፣ ሌሎችም ጋቢ የለበሱ ሰዎች ገቡ። ጌች ከሁሉም ኋላ ነበር። እትዬ አልማዝ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጋሽ ግርማ ሳይናገሩ በፊት ነጠላውን አየሁት። የሆነውን ሁሉ አልጽፈውም። ጌችን ደረቱን የመታሁት ይመስለኛል፤ እሱም ሳይሸሽ ቆመልኝ።

ሲነጋጋ ኮተቤ ወሰዱኝ። ግቢያችን ባዶ ነው። የድንኳኑ ብረት ከጎረቤት አጥር ጀርባ ተጋድሟል። አስከሬኑ ገና መንገድ ላይ ነው። ለምን ድንኳን እንዳልተተከለ አጎቴ ነገሩኝ። እማዬ ከምትኖርበት ከደብረ ብርሃን እየመጣች ነው። ቢንያም ታሟል ተብላ ነው የምትመጣው።

«ቆመህ ካየችህ በር ላይ ይገባትና ትወድቃለች» አሉኝ። «ሰው ተሟልቶ እስኪከባት ድረስ ተኛ፣ ልጄ።»

«እኔን ቀኑን ሙሉ አታላችሁኝ፣ አሁን ደግሞ በእኔ እሷን?»

መልስ የሰጠኝ ጌች ነው። «ለትንሽ ደቂቃ ነው፣ ቢኒ። እኔ መርዶህን ተራራ ለተራራ ይዤ ዋልኩ።»

የሚሊዮን አልጋ ላይ ተኛሁ። ብርድ ልብሱ እሱን እሱን ይላል። መኪና ቆመ። እማዬ እየሮጠች ገባች፤ በፌስታል በሶ ይዛልኛለች። እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች።

«ትኩሳት የለህም እኮ! ተመስገን፣ ተመስገን አምላኬ። እኔ መንገዱን ሙሉ ምን ምን ሳስብ ነበር! ምን ነክቶህ ነው?»

«እንጦጦ ወጥቼ... ብርድ መታኝ።»

«ምን ልትሠራ? ያ ወንድምህስ? ወንድሙ ታሞ ሥራ ይሄዳል? ይምጣ፣ እነግረዋለሁ!»

ውጭ የድንኳኑ ብረት ሲነሳ ሰማሁ። እሷ እንዳትሰማው ድምፄን ከፍ አድርጌ ማውራት ጀመርኩ። ስለ ነጋሪቱ ነገርኳት። ስለ ንጉሡ ዝቅ ያለ መስኮት፣ ከአለት ስለተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን፣ ጣሪያው ፈርሶ ስለሚታየው ሰማይ። አንድም አላስቀረሁም። ጌች ያን ሁሉ መንገድ ምን ተሸክሞ እንደወጣ የገባኝ ያኔ ነው። እማዬ እጇን ከግንባሬ ሳታነሳ፣ «ይህን ሁሉ አየህ?» እያለች ፈገግ ብላ ታዳምጠኛለች።

ሰዎች አንድ በአንድ ገብተው ከጀርባዋ ቆሙ። ጋሽ ግርማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም። እጇን ያዝኩ፣ ብርድ ልብሱን ገፈፍኩና ተነስቼ ፊቷ ቆምኩ።

ምንም እንዳላመመኝ አየች።