የእትዬ አለምነሽ የእሑድ ሻይ

ባለፈው ክረምት ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ሻይ ቤት ተጠልዬ የእንጅባራ ሚኒባስ እጠብቅ ነበር። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ባለ ሻይዋ የበራዱን ክዳን ስታነሣ የቅርንፉድና የዝንጅብል ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ተነሥቶ ፊቴን አለበሰው። ወዲያው እትዬ አለምነሽ ትዝ አሉኝ።

እትዬ አለምነሽ እንጅባራ ውስጥ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ ብለው የሚረግጡትን የስፌት መኪና እሑድ ከሰዓት በኋላ በኪሮሽ ዳንቴል ይሸፍኑትና የሻይ ጠረጴዛ ያደርጉታል። ጠርዛቸው ወርቅማ የሆኑ ትንንሽ ብርጭቆዎች፣ ድሮ ብስኩት የነበረበት የስኳር ጣሳ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ልጣጩ የፈነዳ ትኩስ ድንች ከነዳጣው ይደረደራል። ጓደኞቻቸው ነጠላቸውን እያራገፉ ይገባሉ። በእሳቸው ቤት ዘግይታ የመጣች አትወቀስም፤ ብርድ የቆየባት እሷ ናት ተብሎ ከከሰሉ አጠገብ ትቀመጣለች። ማንም ለራሱ አይቀዳም። እናቴም ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ ሞተ። ለቀስተኛው ሲበተን እናቴ ቤት ዘግታ ተቀመጠች። እኔን አብልታ ትምህርት ቤት ትሸኘኛለች፤ ስመለስ እዚያው መደቡ ላይ አገኛታለሁ። እትዬ አለምነሽ እየመጡ፣ «እሑድ ብቅ በይ እንጂ፣ የኔ እመቤት» ይሏታል።

«ይቅርብኝ እትዬ» አለቻቸው አንድ ቀን። «የሰው ጨዋታ አበላሻለሁ።»

እሳቸው አልተጫኗትም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ዶፍ እየወረደ በራችን ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ አለምነሽ ሰማያዊውን በራድ በጨርቅ ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው አንዷ ትሪውን፣ ሌላዋ የከሰል ምድጃውን፣ ሌላዋ ድንቹን ተሸክማለች።

«ጣሪያዬ አፈሰሰ» አሉ ለእናቴ። «እባክሽ አስጠጊን።»

ያ ጣሪያ በበጋው አዲስ ቆርቆሮ እንደለበሰ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴም ታውቃለች። ሆኖም መደቡን ማራገፍ ጀመረች። ሴቶቹ ገብተው ተቀመጡ፤ ብርጭቆዎቹ ተደረደሩ፤ በራዱን ግን የሚያነሣ ጠፋ። እትዬ አለምነሽ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «ቤቱ ያንቺ ነው፤ እንግዳ ነን» አሏት።

እናቴ ጥቁር ሻሿን አስተካከለች፤ እጇን ታጠበች፤ በራዱን አነሣች። ስትቀዳ ሻዩ ትሪው ላይ ፈሰሰ። ሴቶቹ ስለ ዝናቡ ማውራታቸውን ቀጠሉ፤ አንዷም ዓይኗን ወደ ትሪው አልጣለችም።

ሁሉም ብርጭቆውን ሲይዝ፣ ከአዘና የመጣችው ጓደኛቸው በእናቴ የልጅነት ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ የባሏን ጉድ ታወራ ጀመር። ሰውየው በጨለማ ተነሥቶ የእሷን ጥልፍ ነጠላ ለብሶ ቅዳሴ ቆሞ ኖሯል፤ የሴት ነጠላ መልበሱን ያወቀው ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ሳቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሳቋን ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ከሰላምታ በቀር አገውኛ የማይሰሙት እትዬ አለምነሽ እንባቸው እስኪፈስ አብረዋት ሳቁ። በኋላ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ለመሆኑ ምን አለች?» ብለው ጠየቋት። እናቴም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ምንም ሳትተው፣ በአማርኛ ተረከችላቸው።

የዚያ ክረምት እሑዶች በሙሉ ቤታችን ዋሉ። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቶም የእትዬ አለምነሽ ጣሪያ ያፈስ ነበር። አንድ እሑድ እናቴ ራሷ ዳቦ ደፍታ፣ ድስት ሙሉ ድንች ቀቅላ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው፣ ጣሪያቸው እንደተጠገነ ነገሯት። ከዚያ ወዲህ ሻዩ አንድ እሑድ እሳቸው ቤት፣ አንድ እሑድ እኛ ቤት ሆነ።

እትዬ አለምነሽ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ልጃቸው ከባሕር ዳር መጥታ ቤቱን ሸጠች፤ ዕቃውም ለዘመድ ተከፋፈለ። እናቴ ከዚያ ቤት ምንም አልወሰደችም። እኔ አሁን የምኖረው ዳንግላ ነው፤ እሷ እዚያው እንጅባራ ናት። አርጅታ ብቻዋን ናት እያልኩ እሑድ ከሰዓት ስደውልላት ከስልኩ ወዲያ የሴቶች ጫጫታና የብርጭቆ ድምፅ ይሰማኛል።

«ደህና ነኝ፣ ልጄ» ትለኛለች። «እንግዳ አለብኝ፤ ማታ ደውይ።»

ትዘጋብኛለች።