አንድ ብቻ ያልሁት ቁጥር ሰጪ

ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ወልጄ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ልማር ኮሌጅ ስገባ አብረውኝ የተቀመጡት በዕድሜ ከልጄ እምብዛም አይበልጡም፤ «እትዬ፣ ዛሬም ቀደሙን?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ ግን የተማርሁትን አጥብቄ እይዝ ነበር። መምህራችን «ክላስ ንድፍ ነው፤ ከአንድ ንድፍ የፈለጋችሁትን ያህል ኦብጀክት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ሥራ የሚሠራ አካል፣ ትፈጥራላችሁ» አለን። ከአንድ በላይ ሊፈጠር የማይገባውም አለ፣ ሲንግልተን ይባላል፤ ሁለተኛ ጠያቂ ቢመጣ ያው የመጀመሪያው ይሰጠዋል። የመስኖ ማሳ ዳር ያደግሁ ነኝና ወዲያው ገባኝ። ውኃውን በተራ የሚያድለው የውኃ አባት ለአንድ ወንዝ አንድ ነው፤ ሁለት ከሆነ ተራ የሚባል ነገር የለም።

የእርዳታ እህል መመዝገቢያ ፕሮግራም ስጽፍ፣ ተራ ቁጥር የሚሰጠውን ኦብጀክት እንዲያ አድርጌ ሠራሁት። ደጋግሜ ሞከርሁት፤ ሁለተኛ አይፈጠርም።

ምዝገባው ሰቆጣ ላይ ሲጀመር አማርኛ የማይቀናቸው አዛውንት በአስተርጓሚ ሲንገላቱ አየሁ። «የአገሩን ቋንቋ ኽምጣና ለሚናገሩት ሌላ ሰልፍ ይሁን፤ እኔ እመዘግባለሁ» አልሁ። ፕሮግራሙን ሁለተኛ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ተቀመጥሁ። ያ «አንድ ብቻ» በየኮምፒውተሩ አንድ መሆኑን አላሰብሁም። ቁጥሩ በመጀመሪያው ላፕቶፕም ከአንድ ጀመረ፣ እኔም ዘንድ ከአንድ ጀመረ። በኋላ ሁለቱን መዝገቦች ስናዋህድ የእኔ ቀድሞ ገብቶ ነበርና፣ እኔ ከመዘገብኋቸው ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሁሉ የሌላው ሰልፍ ስም ከላዩ እየተጻፈበት ጠፋ።

ያወቅሁት እህሉ ሲታደል ነው። ከጽጽቃ በእግራቸው የመጡ አሮጊት፣ ቁጥራቸውን የጻፍሁባትን ብጣሽ ወረቀት ዘረጉልኝ። በዚያ ቁጥር አንድ ጎልማሳ ስንዴውን ተሸክሞ ሄዷል።

«ልጄ፣ የጻፍሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አሉኝ በኽምጣና።

«እኔ ነኝ እማማ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ መልሰሽ ጻፊኛ። እስካሁን እንደሁ አልሞትሁ።» ከኋላቸው ያሉት ሳቁ።

የእደላውን አስተባባሪ ለመንሁት፤ ላፕቶፔ ላይ የቀረውን መዝገብም አሳየሁት።

«ከጸደቀው ዝርዝር ውጭ አንዲት ፍሬ አልሰጥም። ለሚቀጥለው ዙር አስተካክይው።»

ይህንኑ ነገርኋቸው። ባዶ ስልቻቸውን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱ።

«ዙሩ መቼ ነው?»

«አላውቅም እማማ» አልኋቸው።

ቁጥር ሰጪውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬ የሁለቱን ሰልፎች ላፕቶፖች ከእሱ ጋር በሽቦ አገናኘኋቸው። የጠፉትን አንድ በአንድ መለስሁ፤ የእሳቸውን ስም ሁለቴ አረጋገጥሁ። ቀጣዩ ዙር ሲደርስ ዝርዝሩ ላይ ነበሩ። ሦስት ጊዜ ጠራሁ፣ በኽምጣናም ጠራሁ። ከአገራቸው የመጣ ሰው እንዳለ ጠየቅሁ። ከጽጽቃ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም።

«ቀጣዩን ጥሪ እንጂ» አለኝ አስተባባሪው።

ጠራሁ።